ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሰዎች

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለሒሳብና ለንብረት ሠራተኞች እንዲሁም ለኮምፒውተር ተማሪዎች በፍኖተ ሰላም የቀረበ ዲስኩር



ስለ ሶፍትዌር እንድናገር ነው የተጋበዝኩት፤ ግን ከወረቀት ልጀምር። መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ሞዴል 19ን፣ ሞዴል 20ንና ሞዴል 22ን ያውቃል። ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ዕቃ የሚፈልግ ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ ዕቃው ሲወጣ ሞዴል 22 ይሠራል። የቅጾቹን ግርጌ አስታውሱ። የጠየቀው፣ የፈቀደው፣ ያስረከበው፣ የተረከበው እየተባለ የፊርማ ቦታ ተደርድሯል። ቅጹን ያሰናዳው ሰው ኮምፒውተር በዓይኑ ሳያይ ከባዱን ሥራ ጨርሶልን ሄዷል፦ በአንድ ኩንታል ዙሪያ ስንት ዓይነት ሰው እንደሚቆም፣ እያንዳንዱም ምን ሊያደርግ እንደመጣ ለይቶ አስቀምጧል።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ታዲያ ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ግርጌ ነው። የዕቃው ስም ይገባል፣ ብዛቱ ይገባል፣ የአንዱ ዋጋ ይገባል፣ ድምሩን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ሁሉም ይደነቃል። አራቱ ፊርማዎች ግን «አስቀምጥ» በሚል አንድ ቁልፍ ተጠቅልለው ቀርተዋል። ቁልፉን የሚጫነው ማን ነው? ፓስወርዱን የሚያውቅ። ፓስወርዱስ የት ነው ያለው? ከጠረጴዛው መስታወት ሥር፣ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ። ስትስቁ አያለሁ፤ የምትስቁት የት ቢሮ እንዳለ ስለምታውቁ ነው።

ይህን የጠፋ ግርጌ መልሶ የሚያመጣ ቀላል ሥዕል አለ። በሙያው ዩዝ ኬዝ ዲያግራም ይባላል። አሣሣሉን ለመልመድ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አንድ ትልቅ ሣጥን ትሥላላችሁ፤ ሣጥኑ ሊሠራ የታሰበው ሶፍትዌር ነው። ከሣጥኑ ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ ልጆች ግድግዳ ላይ በከሰል የሚሥሉትን ዓይነት ሰው ታቆማላችሁ፤ ክብ ራስ፣ አንድ መስመር ገላ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ይህ አክተር ነው። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ እንቁላል መሰል ክቦች ታደርጉና በየአንዳንዱ አንድ ሥራ ትጽፋላችሁ፦ ፍላጎት መመዝገብ፣ ክፍያ መቀበል፣ ማዳበሪያ ማስረከብ፣ ክምችት መቁጠር። ከዚያ ማን የትኛውን ሥራ ሊሠራ እንደሚመጣ በመስመር ታገናኛላችሁ። አለቀ። ሥዕሉ ስለ ዳታቤዝ አያወራም፣ ስለ ስክሪኑ ቀለም አያወራም። ማን፣ ለምን ጉዳይ ይመጣል? ሌላ ጥያቄ የለውም።

ነገሩ የመጣው ከስዊድን ነው። ኢቫር ያኮብሰን የተባለ መሐንዲስ በኤሪክሰን ኩባንያ የስልክ ማዞሪያ ሥርዓቶችን ሲሠራ ኖሮ፣ ከዚያው ያዳበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1987 ለሙያ ጉባኤ አቀረበ፤ በ1992 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በመጽሐፍ አወጣው። ኋላ ከግሬዲ ቡችና ከጄምስ ራምባው ጋር ሆነው የየራሳቸውን አሣሣል አዋሕደው ዩኤምኤል የሚባለውን አንድ ቋንቋ አበጁ፤ እሱም በ1997 የኢንዱስትሪው ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ያኔ የተሣለው ክብ ራስ ሰው ዛሬም አዲስ አበባ ያለ የሶፍትዌር ድርጅት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የትውልድ ቦታው ስልክ ማዞሪያ መሆኑ የሚገርም አይደለም። በዚያ አንድ መሣሪያ ላይ ደዋዩ፣ የጥገና ሠራተኛውና ሒሳብ ክፍሉ ሦስት የተለያየ ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ፤ ሦስቱን «ተጠቃሚ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ለማናቸውም አይረዳም።

አክተር የምንለው ሰውዬው ራሱ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ለዚያ ጉዳይ የለበሰው ኃላፊነት ነው። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም። በየቀበሌያችን ሌሊት ማሕሌት ቆሞ፣ ቀድሶ፣ በሥራ ቀን በሬውን ጠምዶ የሚያርስ ቄስ አለን። መቅደስ የሚገባው በቅስናው ነው፤ የማዳበሪያ ሰልፍ ላይ የሚቆመው በገበሬነቱ ነው። ገበሬነቱ መቅደስ አያስገባውም፤ ቅስናውም፣ ሕዝቡ በፈቃዱ ካላሳለፈው በቀር፣ ከሰልፉ አያስቀድመውም። ሰውዬው አንድ፣ ኃላፊነቱ ሁለት። በሥዕሉ ላይም ሁለት ሆኖ ይቆማል።

አሁን አንድ መሠረታዊ ማኅበር እንውሰድ። ከጅጋ ወይም ከማንኩሳ ወጣ ያለ፣ አባላቱ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያመርቱ እንበል። ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ እዚሁ ከተማችን እንዳለው እንደ ዳሞት ባለ ዩኒየን በኩል አልፎ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ማኅበሩ መጋዘን ይራገፋል። ማኅበሩ ሶፍትዌር ሊያሠራ ፈልጎ ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «መዋቅራችሁን ስጡኝ።» ይሰጡታል። ከላይ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከሥሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ከጎን የቁጥጥር ኮሚቴ፣ ወረድ ሲል ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ ከሁሉ በታች ጥበቃ። ባለሙያው ይህን መሰላል እንዳለ ገልብጦ ከላይ ላለው ሁሉንም ፈቃድ፣ ከታች ላለው ጥቂቱን ይሰጣል። ብዙ ሶፍትዌር የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ገና።

መዋቅር ማን ማንን እንደሚያዝ ይነግረናል። ዩዝ ኬዝ የሚጠይቀው ሌላ ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ሁሉም ቁመታቸው እኩል ነው። ሰብሳቢው ከፍ፣ ጥበቃው ዝቅ ተደርጎ አይሣልም። የሚለያዩት ከእነሱ በሚወጣው መስመር ብቻ ነው። እኔ ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ለእኛ አገር ቢሮ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ይመስለኛል። ማዕረግን ከሥራ ይለያል።

ሰብሳቢው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ቅር ይለዋል። «በማኅበሬ እኔ የማልነካው ነገር እንዴት ይኖራል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሕግ ተጠያቂው እሱና ኮሚቴው ናቸውና። መልሱ ሥዕሉ ላይ አለ። ክምችት ማየት አንድ ሥራ ነው፣ ክምችት መቀየር ሌላ ሥራ ነው። ሰብሳቢው የመጀመሪያው መስመር አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ሁለተኛውን ብንሰጠው ነገ መጋዘን ውስጥ ከረጢት ሲጎድል ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ስሙ ይገባል። ይህን በእርጋታ ያስረዱት ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን ራሱ ያስፍቀዋል። ክብሩ ተነካ ብሎ የሚሰጋውን ሰው፣ ሥዕሉ የሚጠብቀው እሱን ራሱን መሆኑን ማሳየት ከኮድ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከሰብሳቢው የባሰው «አድሚን» የሚባለው ፍጡር ነው። ሃያ መስመር ከአንድ ሰው ወጥቶ፣ ከሥሩ «አድሚን» ተብሎ ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ያ ሥዕል አልተሠራም፤ ሥዕል መሥራት የሰለቸው ሰው ያስረከባችሁ ነገር ነው። አድሚን ካስፈለገ ሥራው ጠባብ ነው፦ አካውንት መክፈት፣ አካውንት መዝጋት፣ የተረሳ ፓስወርድ መቀየር፣ መረጃው ተገልብጦ በሌላ ቦታ መቀመጡን ማረጋገጥ። ማዳበሪያ ከመሸጥ ጋር ምን አገናኘው?

መዋቅሩ ላይ የሌሉ ሰዎች የሚገኙት ከባለቤቶቹ ጋር ተቀምጦ በመጠየቅ ነው። በአንድ ቀበሌ መጋዘን ደጃፍ የተደረገ ወሬ ላካፍላችሁ። ጠያቂው ወጣት ባለሙያ ነው፣ መላሹ ፀጉራቸው የሸበተ ንብረት ያዥ።

«ጋሼ፣ መጋዘኑን የሚከፍተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ሌላ ማን ይከፍተዋል?»

«እርስዎ ለቅሶ የሄዱ ዕለትስ?»

«ልጄ አለ። ቁልፉን የት እንደማኖር ያውቃል።»

«ታዲያ ልጅዎ ያስረክባል?»

«ሒሳብ ሠራተኛው ከደወለለት ያስረክባል። ገበሬው አህያ ነድቶ ከሩቅ መጥቶ፣ ባዶውን ይመለስ ትላለህ?»

በዚህች አጭር ወሬ ሦስት ነገር ወጥቷል። መዋቅሩ የማያውቀው ሰው አለ፤ ተተኪው። ማንም ያልመዘገበው ሥራ አለ፤ በስልክ ትእዛዝ ማስረከብ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምክንያቱ ነው። ገበሬው ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። ይህን ሳይሰማ የተሠራ ሶፍትዌር ልጁን ይከለክለዋል፤ ልጁ ደግሞ ሶፍትዌሩን ትቶ ከረጢቱን ያስረክባል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቆጠራ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ሌላ፣ መጋዘኑ ሌላ ይናገራል፤ ሽማግሌው ሌባ ይባላሉ። ሰምቶ የተሠራው ግን «ተተኪ ንብረት ያዥ» የሚል አክተር ይኖረዋል። ማን እንደሚተካ አስቀድሞ በኮሚቴ ይጸድቃል፣ ፈቃዱ ለዚያች ቀን ብቻ ይከፈታል፣ የወጣው ሁሉ በተተኪው ስም ይመዘገባል። የተተኪው ዕድሜና ብቃት የኮሚቴው ውሳኔ ነው፤ ሥዕሉ ጥያቄውን አፍ አውጥቶ እንዲጠየቅ አድርጓል።

ሌላዋ የተረሳች የአባሉ ሚስት ናት። በማኅበር መዝገብ አባል ሆኖ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። በመሬት ግን ክልላችን ቀድሞ ነው የነቃው፤ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። አሁን ሐምሌን አስቡ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፣ ሁለተኛው ዙር ዩሪያ ሊጨመርለት ነው። ባልየው ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዷል። ሚስትየው ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆማለች፣ ገንዘቡ በእጇ ነው፤ ኮምፒውተሩ አባል አይደለሽም ይላታል። በወረቀቱ ዘመን ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛ ትመጣና ነገሩ ያልቅ ነበር። ሶፍትዌሩ ያንን ደብዳቤ የት አደረሰው? የሥዕሉ ባለሙያ እዚህ ላይ «ወኪል ተረካቢ» የሚል አንድ ሰው ካላቆመ፣ ያቺ ሴት በሚቀጥለው ዓመት ከነጋዴ በውድ ትገዛለች።

ክፍያን በተመለከተ ክልላችን ራሱ ጥሩ ትምህርት ሰጥቶናል። ቀድሞ የግብዓት ብድር በማኅበራት በኩል ይሰጥ ነበር፤ ማኅበሩ ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ዕዳ ይመዘግባል፣ ዕዳ ያስመልሳል። አከፋፋይም፣ አበዳሪም፣ አስመላሽም እሱው። ዕዳው ተጠራቅሞ ብዙ ማኅበር አስጨነቀ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የግብዓት ቫውቸር አሠራር ሲመጣ፣ ብድሩና የገንዘብ መሰብሰቡ ወደ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ሄደ፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ ወደሆነው ማለቴ ነው። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ ወይም ብድር ወስዶ ቫውቸር ይይዛል፣ ማኅበሩ ቫውቸሩን አይቶ ማዳበሪያ ያስረክባል። በዩዝ ኬዝ ዓይን ስናየው፣ ከአንድ አክተር ላይ ሦስት መስመር ነበረ፤ ሁለቱ ተነቅለው ለሌላ ተሰጡ። ማዳበሪያው ያው፣ ገበሬው ያው። የተቀየረው መስመሩ ነው፤ ማኅበሩ ላይ የነበረውም ሸክም አብሮ ተነሣ።

የኮምፒውተር ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ሥራ መክፈል ከሶፍትዌር በፊት ነበረ። ገንዘብ የሚቀበል ሰው ንብረት አያስረክብም፤ የሚያስረክብ ሰው ቆጠራ አይቆጥርም። ማኅበሩ ትንሽ ሆኖ አንድ ሠራተኛ ሁለቱንም ቢይዝስ? ይህ በገጠር ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት አክተር አድርጋችሁ ሣሉት፤ የአንድ ሰው ስም ሁለቱም ሥር ይጻፍ። ከዚያ የቁጥጥር ኮሚቴው ዓይኑን በትክክል የት ላይ መትከል እንዳለበት ያውቃል። ለኮሚቴው አንድ እንቁላል ጨምሩለት፦ የሳምንቱን ሽያጭና የሳምንቱን ወጪ ከረጢት ጎን ለጎን ማየት። አባላቱ ገበሬዎች ናቸው፣ ኤክሴል መክፈት አይጠበቅባቸውም፤ በግእዝ ፊደል የታተመ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል።

እስካሁን የሣጥኑን ዳር እንደቀላል አልፈነዋል። ወደ ቡሬ ስንወርድ ግን ዋናው ጥያቄ ይሆናል። ቡሬ ዛሬ የድሮዋ የበርበሬ ገበያ ብቻ አይደለችም። ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባዕከር ጋር ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው፤ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው የተባለለት ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. እዚያው ተመርቋል። ማኅበር ለፋብሪካ እህል ሲያቀርብ ሁለት ሣጥን አለ። ከማኅበሩ ሶፍትዌር አንጻር ፋብሪካው ውጭ የቆመ አክተር ነው፤ የሚመጣው ጭነት ሊያረጋግጥና ሊከፍል ነው። ከፋብሪካው ሶፍትዌር አንጻር ማኅበሩ ውጭ ነው። በመካከል የጭነት መኪና ሾፌር አለ፤ የሁለቱንም ሰነድ በኪሱ የያዘው እሱ ነው፣ በሁለቱም መዋቅር ላይ ግን የለም። ፋብሪካ በር ላይ ሚዛኑ የሚያሳየው ከተጫነው የተለየ ሆኖ ሲገኝ ልዩነቱን የሚፈርመው ማን ነው? ሾፌሩ? ማኅበሩ የላከው ተወካይ? ይህን ሳይመልስ ሣጥን የሠራ ባለሙያ ክርክሩን ለሚዛን ሠራተኛው ትቶለት ሄዷል።

ባንክና ቴሌብርም ከሣጥኑ ውጭ የሚቆሙ አክተሮች ናቸው። ሰው አለመሆናቸው አያሳስባችሁ፤ በሥዕሉ ሕግ ከውጭ ሆኖ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚነጋገር ሁሉ አክተር ነው። ጊዜም እንዲሁ። ሰኔ 30 ማንም ሳያዘው መጥቶ ሒሳብ ያዘጋል። አንዳንዱ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ሶፍትዌር ዓመቱን ታኅሣሥ ላይ ሊዘጋው ይሞክራል፤ ጳጉሜንንማ የት እንደሚያደርጋት ግራ ይገባዋል።

በሥዕሉ ላይ መስመር የሚያበዙ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ኢንክሉድና ኤክስቴንድ ይባላሉ። አንዱ ሥራ ሌላውን ሁልጊዜ በውስጡ ሲይዝ የመጀመሪያው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲጨመርበት ሁለተኛው ይሣላል። ማስረከብ ሁልጊዜ ቫውቸር ማረጋገጥን ይይዛል፤ የውክልና ደብዳቤ መመዝገብ ግን ወኪል ሲመጣ ብቻ ነው። ተማሪዎች በፈተና ስለሚጠየቁ ይወዷቸዋል። እኔ በሥራ ላይ እምብዛም አልጠቀምባቸውም። ንብረት ያዡ አይቶ የማይገባውን ቀስት ለማን ነው የምንሥለው?

ከዚያ ይልቅ ለየእንቁላሉ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ጻፉ። ስለ ዩዝ ኬዝ አጻጻፍ የታወቀ መጽሐፍ ያሳተመው አሊስተር ኮክበርንም ከሥዕሉ ይልቅ ወደ ጽሑፉ ያደላል። ሥራው እንዴት ይጀመራል፣ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሄዳል፣ መሐል ላይ ቢበላሽ ምን ይደረጋል? ለእኛ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። መብራት ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። «ኔትወርክ በሌለ ጊዜ» የሚል አንቀጽ የሌለበት ዩዝ ኬዝ ለምዕራብ ጎጃም አልተጻፈም። መልሱ የወረቀት ደረሰኝ ቆርጦ ኋላ ማስገባት ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ኋላ የሚያስገባው ማን ነው፣ ማስገባቱንስ ማን ያያል ተብሎ ይጻፋል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ወደ ፈቃድ መለወጡ ቀላል ነው። ሰንጠረዥ ትሠራላችሁ፤ በግራ አክተሮቹ፣ ከላይ ሥራዎቹ፣ መስመር ባለበት ምልክት። ፕሮግራመሩ ያንን ተከትሎ ይቆልፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ባለሙያዎች ይህንኑ፣ ፈቃድ ለሰው ከሚሰጥ ለሥራ ድርሻ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ በሥርዓት አስቀመጡት፤ ዛሬ የባንክም የሆስፒታልም ሶፍትዌር በዚሁ ይሄዳል። ጥቅሙ ኮሚቴ ሲቀየር ይታያል። አዲስ የተመረጠው ሰብሳቢ የሰብሳቢነቱን ድርሻ ይለብሳል፣ የወረደው ያወልቃል። የአሮጌውን ፓስወርድ መውረስ፣ በወረደ ሰው ስም ሁለት ዓመት ሽያጭ ማጽደቅ አይኖርም።

አሁን ደግሞ ሕግም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የገበሬው ስም፣ ስልክ፣ የመሬት ስፋት፣ የብድር ዕዳ የግል መረጃው ነው። ማዳበሪያ የሚያስረክበው ሰው የገበሬውን ዕዳ ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል? ቫውቸሩ ትክክል መሆኑን ብቻ ይይ። ጎረቤት የጎረቤቱን ዕዳ በመጋዘን ስክሪን ካነበበ፣ ወሬው ገበያ ሳይደርስ አይቀርም።

ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ማኒላ ወረቀትና ማርከር ነው። ላፕቶፑን ዝጉት፤ ስክሪን ሲበራ ገበሬውም ንብረት ያዡም ዝም ይላሉ፣ ባለሙያው ብቻ ያወራል። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ፣ ንብረት ያዡን፣ ገንዘብ ያዡን፣ የልማት ሠራተኛውን፣ አንድ ሁለት አባላትን፣ በተለይ ሴቶችን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ማን ይመጣባችኋል? ምን ፈልጎ? እናንተ ከሌላችሁስ? ከሁለተኛው ጥያቄ ይልቅ ሦስተኛው ላይ ብዙ ትሰማላችሁ። ሥዕሉን የሠራው ባለሙያ ሲሄድ ማኒላውን ይዞ እንዳይሄድ፤ የማኅበሩ ንብረት ነው።

የማኅበራት አመራሮች፣ የመጨረሻ ቃሌ ለእናንተ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን ለጉባኤው አቅርቡት፣ አባላት «እኔ የት ነው ያለሁት?» ብለው ይጠይቁ። ሶፍትዌር ሊሸጥላችሁ የመጣ ድርጅት የሚያብረቀርቅ ስክሪን ሲያሳያችሁ፣ መጀመሪያ የሰዎቹን ሥዕል ያሳያችሁ። ንብረት ያዡን፣ ተተኪውን፣ ወኪሏን፣ የቁጥጥር ኮሚቴውን በየቦታቸው ካላገኛችሁ ውል አትፈርሙ፤ ቅድመ ክፍያም አትክፈሉ።